ሐጂ ሙሳ የጂን ሕክምና ዋጋ ሲከራከሩ

ልጄ ሙና ዘጠኝ ወሯ ላይ የሁለቱም እጆቿ ጣቶች አበጡ። ጎረቤት ጊንጥ ነው አለ። አሥር ጣት ተራ በተራ የሚነድፍ ጊንጥ የት አለ ብዬ ተቆጣሁና ሆስፒታል ወሰድኳት። ደሟ ተመረመረ። ሲክል ሴል ተባለ፤ ቀይ የደም ሕዋሳቷ እንደ ማጭድ እየታጠፉ የደም ሥሯን ይዘጋሉ። ከእኔም ከአባቷም የወረሰችው ነው።

እኔ አሶሳ ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ይህን በሽታ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬዋለሁ! ስንጋባ ግን ዘር ማንዘራችን ሲጠየቅ ደማችንን ያሰበ አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

አሥራ አንድ ዓመት እስኪሞላት በማስታገሻና ሃይድሮክሲዩሪያ በሚባል እንክብል ስንገፋው ኖርን። ባለፈው ክረምት ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ። ውጭ አገር ያለ ልጅ በጂን ሕክምና ድኖ ይዘላል። ከመቅኒው ሕዋስ አውጥተው፣ የተበላሸውን ጂን አርመው መልሰውለታል። አለቀስኩ። ለሠፈሩ ሁሉ አሳየሁ። ባለቤቴ ጉባ ውስጥ ግድቡ ላይ ሾፌር ነው፤ ለሱ በቀን አራት ጊዜ ላኩለት። "አይቼዋለሁ እኮ" ሲለኝ "ደግመህ እየው" አልኩት።

መስከረም ላይ ሙናን ደረቷን ውጋት ያዛት። መተንፈስ አቃታት። ከንፈሯ አመድ መሰለ። ኦክስጅን ተደረገላት። ደም ተሰጣት። ሦስት ቀን አልተናገረችም።

በአራተኛው ቀን ሐኪሙን ስለ ጂን ሕክምና ጠየቅኩት። ከጎጃም የመጣ ታጋሽ ወጣት ነው። "አለ፤ ግን አገራችን አልገባም። ዋጋውም በሚሊዮን ዶላር ነው" አለኝ።

አማቴ ሐጂ ሙሳ አልጋው ጥግ ተቀምጠዋል። ዕድሜ ልካቸውን ማንጎ ነጋዴ ናቸው። አማርኛቸው የገበያ ነው፣ ሴቱንም ወንዱንም በወንድ ይጠራሉ፤ የመጨረሻ ዋጋ የሚባል ነገርም አያውቁም።

"ዶክተር፣ መጨረሻው ስንት ነው?"

"ሐጂ፣ እኔ እኮ አልሸጥም።"

"ሁሉም ነጋዴ መጀመሪያ እንደሱ ይላል። ልጅ ትንሽ ነው፣ ሥጋ የለውም። ለትንሽ ሰው ትንሽ መድኃኒት አይበቃም?"

"በኪሎ አይደለም!" ሐኪሙ ሳያስበው ክርክር ገባ።

"እሺ፣ ግማሽ ዛሬ፣ ግማሽ ልጅ ሲድን።"

ሐኪሙ ሳቀ። "ይገርምዎታል፣ ውጭ አገር እንደዚያ የሚዋዋሉ አሉ።"

"አየህ!" አሉኝ ወደኔ ዞረው። ቀጥለው ግን እኔ ስንት ቪዲዮ አይቼ ያልጠየቅኩትን ጠየቁ። "ሻጭ የዕቃ ጉድለት መደበቅ ሐራም ነው። የዚህ ጉድለት ምንድነው?"

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የታረመው ሕዋስ ከመመለሱ በፊት የድሮው መቅኒ በከባድ ኬሞቴራፒ ይጠፋል አለ። ፀጉር ይረግፋል፤ አፍ ይቆስላል፤ ሆስፒታል ውስጥ ወራት ይፈጃል። ምናልባትም ወደፊት ልጅ ላትወልድ ትችላለች። የብዙ ሰው ሕመም ግን በእርግጥ አቁሟል።

ሐጂ "ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን ሩቅ ነው" አሉ። "እዚህ ያለው እንክብልስ? የሱ ጉድለት?"

"የደም ክትትል ይፈልጋል። ደግሞ በየቀኑ ካልተዋጠ አይሠራም።"

"ይውጣል እንጂ! እናቱ አስተማሪ ነው!"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ካቆመች ሁለት ወሯ ነው" አልኩ። ቪዲዮውን ያየሁ ዕለት ነው ያስቆምኳት። በሽታው ከሥሩ ሊነቀል ነው፣ ከእንግዲህ እንክብል ምን ያደርግላታል ብዬ። የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ከክፍል የማስወጣው እኔ!

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። "የደሟን ውጤት አይተን ዛሬውኑ እንጀምራለን" አለ ብቻ።

ያኔ ከኦክስጅኑ ጭንብል ሥር ድምፅ ተሰማ። "እማዬ፣ ዜሮ አገኘሽ!" አለች ሙና። እየሳቅኩ አለቀስኩ፤ ሐጂ አልሐምዱሊላህ እያሉ ግንባሯን ሳሙ።

ከዚያ ወዲህ እንክብሉን የሚሰጧት ሐጂ ናቸው፤ ከንጋቱ የሱብሒ ሰላት ሲመለሱ በራችንን አንኳኩተው ይገባሉ፣ እስክትውጠውም ከፊቷ አይነቃነቁም፣ ከዋጠችም በኋላ "አፍ ክፈት" ብለው ያረጋግጣሉ፤ ዘንድሮ ሙና አንድ ጊዜ ብቻ ነው አሟት ከትምህርት የቀረችው፣ በሩጫም የክፍሏን ወንዶች ትቀድማለች። ሐኪሙንና ነርሶቹን አላህ ይስጥልኝ።

ለእናንተም ምክሬ ይኸው፤ እንዲህ የታመመ ልጅ ካላችሁ ትኩሳት ሲነካው ነገ አትበሉ፣ ውሃ በደንብ አጠጡ፣ ከመጋባታችሁ በፊት ተመርመሩ። የጂን ሕክምናው አንድ ቀን አሶሳ ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ። ሲደርስ ልጃችሁን በሕይወት ማግኘት አለበት። እኔ የራሴን ልጅ ልገድላት የነበረው በተስፋ ነው። የዛሬውን እንክብል ሰጥታችኋል?