ለአባቴ ቤት የተዋስኋቸው ወንበሮች

ቤትን ለገዢ ማሳየት እንደ ማንኛውም ትምህርት ዝግጅት ይፈልጋል ብዬ አምን ነበር። እስራኤል ውስጥ፣ አፉላ ከተማ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ በደንብ የተዘጋጁበት ነገር ሊበላሽ ይችላል ብሎ ማንም ሊያሳምነኝ አይችልም።

የሚሸጠው የወላጆቼ ቤት ነው፤ ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው። አባቴ ጉልበቱን ከታመመ ወዲህ ወደ ሐኪም ካልሆነ በቀር አይወርድም። ከበረንዳው ሆኖ ጓደኞቹ ታች አግዳሚው ላይ ሲጫወቱ ያያል፤ የሚሉት ግን አይሰማውም። «እነሱ ሲስቁ እኔም እስቃለሁ፤ በማን እንደሆነ እንጃ» ይል ነበር። «በእኔም ሊሆን ይችላል።» እዚያው ሰፈር ደጅ ያለው፣ ደረጃ የሌለው ቤት አግኝተንለት ነበር። ይኼኛው ካልተሸጠ ግን ያኛው አይገዛም። በዚያ በጋ ሁላችንም የምንፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አባቴ ከሰው ጋር ደጅ እንዲቀመጥ።

ሜታቬኩ (ደላላውን እዚህ የምንጠራው በዕብራይስጡ ነው) መጥቶ ሳሎኑን ዞር ዞር ብሎ አየና ፊቱን አጠቆረ። ሕጉን ሲነግረኝ እንደ ተማሪ አዳመጥሁ፤ ወዲያው ለእናቴና ለአባቴ አስረዳኋቸው። ገዢ ቤት ሲገባ ማየት ያለበት የእኛን ኑሮ ሳይሆን የራሱን ነው። ስለዚህ ትልልቆቹ ሶፋዎች ይውጡ፤ ፎቶግራፍ ከግድግዳ ይውረድ፤ ምርኩዝና መድኃኒት አይታይ፤ ጠረጴዛ ላይ አበባ ይኑር፤ በሩም ወለል ብሎ ይከፈት።

«ገዢው ራሱን እንዲያይ ከሆነ መስተዋት እንስቀልለታ» አለች እናቴ።

«እኔስ? እኔንም ከግድግዳ ታወርዱኝ ይሆን?» አለ አባቴ።

«አንተ ጓዳ ትቆያለህ፣ አባ» አልሁት። «በሩን ዘግተህ፣ ድምፅ ሳታሰማ። እስኪሄዱ ድረስ ብቻ።»

«ተማሪሽ መሰልሁሽ?»

«ተማሪዎቿማ ይታዘዟታል» አለች እናቴ።

በደረጃው ጉዳይ ሜታቬኩ ጥብቅ ነበር። ለምን ትሸጣላችሁ ብለው ከጠየቁ «ቤተሰቡ በዝቶ ነው» እንድንል፤ ስለ ጉልበት ማንም ትንፍሽ እንዳይል።

ሶፋዎቹን የሰፈር ጎረምሶች በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያየ አወረዷቸው። አባቴ የሚቀመጥባትን የበረንዳ ወንበርም አነሣሁ። ያን ጊዜ እናቴ ባዶውን ሳሎን አይታ ተቆጣች። «ሰው ቤቴ መጥቶ ቆሞ ሊሄድ ነው? ሂጂ ወንበር ፈልጊ!» ወንበር በብዛት የሚገኘው ጸሎት ቤታችን ነው። ለሠርግም ለለቅሶም የምንዋሰው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር እዚያ ተደርድሯል፤ የሚጠብቁትም አንድ ሽማግሌ ናቸው።

«ለማን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ለአባቴ ቤት ነው። ነገ ጠዋት ሰው ይመጣል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ያዙ። «ውይ! በድንገት ነው?»

«አይ፣ ስንጠብቀው ቆይተናል። ምክንያቱ ጉልበቱ ነው።»

«እግዜር ያጽናችሁ» አሉ። የጠየቅሁት አሥር ወንበር ነበር፤ ያለውን ሁሉ ሰጡኝ። ይህ ቃል ለቅሶ ላይ እንደሚባል አላጣሁትም። ግን ሰሞኑን ከሜታቬክ ጋር ስትጨቃጨቅ ለሰነበተች ሰው ተገቢ ምርቃት መስሎ ተሰማኝና «አሜን» ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ማለዳ ቤቱ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ተወልውሎ ነበር። ወንበሮቹን በግድግዳው ዙሪያ ደረደርኋቸው። ከግድግዳ ያወረድሁትን የአባቴን ትልቅ ፎቶ የማስቀምጥበት አጥቼ ለጊዜው በር አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ፣ ከአበባው ጎን አቆምሁት። አባቴ ጓዳ ገባ። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትሁ። ሁሉም ነገር እንደታቀደው ሆነ።

ደረጃው ላይ ኮቴ ሲሰማ እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። የገቡት ግን ገዢዎቹ አልነበሩም። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዳቦና ንፍሮ ይዘው፣ ወንዶቹን አስከትለው መጡ። ፎቶውን ሲያዩ «ወየው! ወየው!» ብለው እናቴ አንገት ላይ ወደቁ።

እዚህ ላይ ላስረዳ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። የሞተበት ሰው ምንም ሳያውቅ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ በጠዋት ቤቱ ይመጣል። እናቴም ያን ሁሉ ሰው በማለዳ ስታይ መርዶ አመጡብኝ ብላ ከእነሱ በላይ ጮኸች። እነሱ ደግሞ ጩኸቷን ሲሰሙ ወሬው እውነት መሆኑ ተረጋገጠላቸው። ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም። መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ሌላው ኋላ ይደርሳል። እኔም ለማን እንደሆነ ሳላውቅ አለቀስሁ፤ እያለቀስሁም ሰዓቴን አየሁ።

ወንበሮቹ በቂ ነበሩ።

ግጥም የምትችል አንዲት ሴት ተነሥታ ደረቷን እየመታች ጀመረች፦

ከበቅሎው ላይ ወርዶ ደጁን ሲያቋርጥ፣
አገር ይነሣ ነበር እሱ እስኪቀመጥ!

የጓዳው በር ተከፈተ። አባቴ በምርኩዙ ተደግፎ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ ወጣ።

«ማን ነው?» አለ። «ማን ሞተብኝ? ንገሩኝ እንጂ!»

የሆነ ሰው ንፍሮ አፈሰሰ።

«አንተ ነህ» አለው በመጨረሻ የልጅነት ጓደኛው።

«እኔ?»

«ወንበር ጠባቂው ናቸው የነገሩን። ሶፋህ ወርዷል። አንተም ከበረንዳው ጠፋህ።»

አባቴ ፎቶውን አየ፤ አበባውን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ወደ አልቃሿ ዞረ።

«በቅሎ አልነበረኝም፣ እኅቴ። አህያ ነበረችኝ፤ እሷም ታነክስ ነበር።»

«በአህያ ግጥም አይወጣም» አለችው፣ ገና እየተንሰቀሰቀች።

«ታዲያ እኔ ያለቀስሁት ለማን ነው?» አለች እናቴ። ሁሉም ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

ገዢዎቹ ሊደርሱ ስለሆነ ፈጥኜ ማስረዳት ጀመርሁ፤ ስለ ሶፋው፣ ስለ ደረጃው፣ ደጅ ስላለው ቤት። የአባቴ ጓደኛ አላስጨረሰኝም።

«ልንሸከመው ነው የመጣን» አለ። «ባዶ ትከሻችንን አንመለስም።»

አራት ሆነው አባቴን ከነጮቹ ወንበሮች በአንዱ አስቀመጡና ከነወንበሩ ብድግ አደረጉት። ከእናቴ በቀር ሰው ሁሉ ተከተለ። «ቀስ! ቀስ!» ይላል አባቴ። «ሬሳ እንኳ ቀስ ተብሎ ነው የሚያዝ!»

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሜታቬኩን አገኘነው፤ አንድ ባልና ሚስት አስከትሎ ሽቅብ ይወጣል። ሦስቱም ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።

«ለምንድን ነው የሚሸጡት?» አለ ገዢው በዕብራይስጥ።

«ቤተሰቡ በዝቶ ነው» አለ ሜታቬኩ። በዚያች ሰዓት ደረጃውን ሞልቶ የሚወርደውን ሕዝብ ላየ ሰው ይህ ውሸት አይመስልም ነበር።

አባቴ ግን ከትከሻቸው ላይ ሆኖ አንድ ቃል ጣለ። «ማድሬጎት!» ደረጃው ማለት ነው። ሜታቬኩ ዓይኑን ጨፈነ።

ገዢው አባቴን ሽቅብ አየው። «እኔም ሳረጅ እንዲህ ያወርዱኛል?» አለና ሳቀ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ያወርዱሃል በይው» አለ በአማርኛ። «ግን መጀመሪያ መሞት አለብህ።»

ተረጎምሁ። ሚስትየዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ይዣቸው ላይ ስንደርስ እናቴ ከነጩ ወንበር አስቀምጣ ንፍሮ አበላቻቸው፤ ያን ያህል የደከምሁበትን ባዶ ሳሎን ባዶ ሆኖ አላዩትም። እኔ በመስኮት ወደ ታች አየሁ። አባቴ ከጓደኞቹ መካከል ተቀምጦ ይስቃል፤ በዚህ ጊዜ በማን እንደሚስቅ ያውቃል። በእኔ ነበር።

ባልና ሚስቱ ቤቱን ገዙት። ሜታቬኩ ቤቱን የሸጠው አበባው ነው ይላል።

አሁን በአዲሱ ቤት አባቴ ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ራሱ ወደ ደጅ ያወጣል። ጓደኞቹ ይመጡና ቆመው ያወራሉ። እሱም ለእነሱ ወንበር ሊጨምር ሲነሣ እናቴ ከውስጥ ትጮኻለች፦

«አንድ ይበቃል! ሁለተኛ እንዳታወጣ፣ አገር ያለቅስብናል!»