የጠበበው ፍራሽ

በሰፈራችን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። ፊት ለፊት "እትዬ"፣ ዞር ሲሉ ደግሞ "ትኬትዎን" ነበር የምንላቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በከተማ አውቶቡስ ተቆጣጣሪነት ነው። ሳይታሰብ ከአንዱ ፌርማታ ይሳፈሩና ከኋላ ወንበር ጀምረው ትኬት ይጠይቃሉ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ዐይናቸው ግን ሥራውን አልለቀቀም። ዳቦ ሻጩ ጠቅልሎ የሰጣቸውን ዳቦ እዚያው ባንኮኒው ላይ ይፈቱታል። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ አብረውት ጎንበስ ይላሉ። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝላቸው፣ "ለእናትህም ይህንኑ ነው የምታዘው?" ብለው ዐይን ዐይኑን ያዩታል።

ከሁሉ በላይ የሚጠረጥሩት ግን ድንገተኛ ደግነትን ነው።

"ትኬት የቆረጠ ሰው እኔን ሲያይ ፊቱን አይቀይርም" ይሉ ነበር። "ያልቆረጠው ነው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ 'እናቴ፣ ይቀመጡ' የሚለኝ። ስለዚህ ወንበር የለቀቀልኝን ሰው መጀመሪያ እጠይቀዋለሁ።"

ቤታቸው አራት ክፍል ነው። ከመንገድ በኩል ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል የሳቸው መኝታ ነበር። ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ ማን ምን ተሸክሞ አለፈ፣ ሁሉንም ከዚያ መስኮት ያያሉ። ቀጥሎ የሚበላበት ክፍል፣ ከሱ ቀጥሎ የልጃቸውና የሚስቱ መኝታ አለ። ከሁሉም ኋላ ደግሞ መስኮቷ የጎረቤት ግድግዳ ላይ ያፈጠጠ፣ አሮጌ ዕቃ የሚጠራቀምባት ጠባብ ክፍል አለች።

ልጃቸው አሳንሰር የሚጠግን፣ አፉ የማይፈታ ሰው ነው። ሚስቱ በሌላ ሰው ፀጉር ቤት ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ማታ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታወልቀው ጫማዋን ነው።

ምራቲቱ ወደዚያ ቤት ስትገባ ያገኘችው ወጥ ቤት የርካሽ ዕቃ መቃብር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። እጀታው በሽቦ የታሰረ መጥበሻ፣ ቲማቲም ከመቁረጥ ይልቅ የሚጨፈልቅ ቢላ፣ ታቹ ሳስቶ ሾርባ የሚያሳርር ድስት። እትዬ ውድ ዕቃ አይገዙም። "ርካሹ ቢያታልለኝ በትንሽ ነው" ይላሉ፤ "ውዱ ግን ሲያታልለኝ ይስቅብኛል።" የሚተኙበት ስፖንጅ ፍራሽ እንኳ መሃሉ ከመስመጡ የተነሳ ማታ ጥግ ላይ ተኝተው ጠዋት ጉድጓዱ ውስጥ ይገኛሉ። ዳሌያቸውን ያማቸዋል፤ ዳሌያቸውንም እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ያስመስላል እያሉ ይጠረጥሩታል።

ምራቲቱ መጀመሪያ ቢላ ገዛች። ጥሩ ቢላ። እትዬ ዋጋውን ሲሰሙ አፋቸውን ያዙ።

"ሽንኩርት ለመክተፍ?"

"ሽንኩርት በየቀኑ ነው የምንከትፈው፣ እማማ" አለች። "በየቀኑ እጄ የሚነካው ዕቃ ላይ ትንሽ ብጨምር ምን አለበት? መቆጠብ ያለብን ለእንግዳ ብቻ በሚወጣው ሰሃን ላይ ነው።"

እትዬ ምራታቸው ሥራ እስክትሄድ ጠብቀው ቢላውን ብርሃን ላይ አውጥተው አገላብጠው አዩት፤ ቀጥለው ወረቀት ቆረጡበት፣ ቀጥለው የራሳቸውን ጣት። ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሲውሉ ምን ነካዎት ላላቸው ሁሉ "ምስማር" አሉ።

ከቢላው በኋላ ታቹ ወፍራም የሆነ ድስት መጣ። እሱንም በምስማር ፋቁት፤ ከሥሩ ሌላ ብረት አልወጣም። እስከዚህ ድረስ ጥርጣሬያቸው በዕቃው ላይ ነበር። ወደ ሰው የዞረው በኋላ ነው።

ምክንያቱም ዕቃዎቹ ቀስ በቀስ ከወጥ ቤት ወጥተው ወደ እሳቸው መምጣት ጀመሩ። አንድ ቀን ሶሉ የማያንሸራትት የቤት ጫማ አመጣችላቸው። ሌላ ቀን ውሃ ቶሎ የሚመጥጥ ወፍራም ፎጣ። ልጃቸው፣ ያ ዝምተኛ፣ ከሥራ ሲመለስ "እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ? ዳሌሽ እንዴት ነው?" ማለት አበዛ። እትዬ ነገር ሸተታቸው። አጥር ለአጥር ወደምትዋሰናቸው ልብስ ሰፊ ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ።

"ወንበር እየለቀቁልኝ ነው" አሏት።

"እነማን?"

"ልጄና ሚስቱ።"

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ሳቀች። "እትዬ፣ ታድለዋል እኮ። የኔ ምራት ለኔ የምትገዛልኝ ነገር ቢኖር የራስ ምታት ነው።"

"አንቺ ትስቂያለሽ። እኔ ግን የሆነ ነገር ሊመጣ እንደሆነ ይታወቀኛል።"

የመጣው ፍራሽ ነበር። በጭነት መኪና፣ በላስቲክ እንደተጠቀለለ፣ ሁለት ሰው ተሸክሞት ገባ። ጠንካራ ስፖንጅ፣ ልብሱ በዚፕ የሚወልቅ፣ እትዬ በሕይወታቸው ተኝተውበት የማያውቁት ዓይነት። ልጃቸው አሮጌውን አንስቶ አዲሱን አልጋው ላይ ዘረጋው። ምራቲቱ አንሶላ ልታለብሰው ጎንበስ ስትል እትዬ ከበሩ ሥር ሆነው ያያሉ። ፍራሹ አልጋውን አልሞላም። በግድግዳው በኩል የአልጋው ርብራብ አንድ ስንዝር ያህል ባዶውን ቀርቷል።

"ይህ ፍራሽ ለአልጋዬ ጠባብ ነው" አሉ።

"ልኩ አልቆ ነው፣ እማማ" አለች ምራቲቱ። ይህን ስትል ቀና አላለችም። የአንሶላውን ጥግ ደጋግማ ታስገባለች።

እትዬ ያቺን ቀና ያላለች አንገት አወቋት። ስንቱ ተሳፋሪ ነው አንገቱን እንደዚያ ደፍቶ፣ ጫማውን የሚያስር መስሎ ሊያመልጣቸው የሞከረው። ልጃቸውና ሚስቱ ወጣ ሲሉ አዲሱን ፍራሽ ጎትተው ግድግዳው ላይ አቆሙት፤ አሮጌውንም እያለከለኩ መለሱና ጉድጓዳቸው ውስጥ ተኙ። ልጃቸው በማግስቱ ሲያይ፣ "እማዬ፣ ይህ እኮ ላንቺ ጤና ነው" ብሎ ተቆጣ።

"ይቁም" አሉት። "የሚናገረው ነገር አለው።"

ፍራሽ መደብሩን ማግኘት አልከበዳቸውም፤ አድራሻው ላስቲኩ ላይ ታትሟል። ሻጩ እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ ቀጭን ሰው ነበር። እትዬ ገዢ መስለው ገቡ። አንዱን ፍራሽ ይጫኑታል፣ ያሸቱታል፣ ዚፑን ይከፍታሉ።

"እንዲህ ዓይነት አንድ ዘመዴ ወስዳለች" አሉ። "ጠበብ ያለ። ልክ አልቆ ነው አለችኝ።"

"ልክ አያልቅም፣ እናቴ" አለ ሻጩ። "ሰፊውም መካከለኛውም ሁሌ አለ። ጠበብ ያለው ግን በትዕዛዝ ነው። ለጠባብ ክፍል ነው ብለው፣ ልኩን ይዘው መጥተው ያስቆረጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ዘመዶችዎ እነሱ ይሆናሉ?"

"ይሆናሉ" አሉ እትዬ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄዱና ሜትሯን ተውሰው ገቡ። ቤት ውስጥ ማንም የለም። የኋላዋን ክፍል ከከፈቱ ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል። አሮጌው ዕቃ ተነስቷል። ወለሉ ተጠርጓል። አዲስ አምፖል ተንጠልጥሏል፤ ከግድግዳው ሥር ደግሞ ልጃቸው የገጠመው አዲስ ሶኬት አለ። በጉልበታቸው ተንበርክከው ከግድግዳ ግድግዳ ለኩ። ከዚያ ተመልሰው ፍራሹን ለኩ። አንድ ነው።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ብዙ አሰቡ። መጀመሪያ ወደ ኋላ ክፍል ይወስዱኛል፣ ቀጥሎ የፊቱን ለማያውቁት ሰው ያከራያሉ፣ ቀጥሎ ደግሞ የኋላዋም ትፈለጋለች። ያ ሁሉ ጫማ፣ ያ ሁሉ ፎጣ ለዚህ ኖሯል። በአንድ በኩል አንጀታቸው ተቃጠለ። በሌላ በኩል ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አለመሳሳታቸው ትንሽ ደስ አላቸው፤ ደስ ስላላቸውም አፈሩ።

ማታ ሾርባና ዳቦ ቀርቦ ሦስቱም ሲቀመጡ እትዬ ሜትሩን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከዳቦው አጠገብ አስቀመጡት።

"ትኬታችሁን" አሉ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቅ ነበር። ልጁ ሚስቱን አየ። ምራቲቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"የምሠራበት ፀጉር ቤት ሊዘጋ ነው" አለች። "ባለቤቲቱ ሸጣ ልትሄድ ነው። ደንበኞቼ የትም ብሄድ ይከተሉኛል፤ ግን የት እሄዳለሁ? የርስዎ ክፍል መንገድ ላይ ነው፣ የውሃ መስመሩም በግድግዳው ጀርባ ያልፋል። እዚያ ብከፍት ብዬ አሰብኩ።"

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"እምቢ ይላሉ ብዬ ፈራሁ።"

"እምቢ የሚባለው እኮ ሲጠየቁ ነው።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንተስ?"

"እኔም ፈራሁ" አለ ልጁ።

እትዬ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው እንደ ድሮው ወንበር በወንበር መቆጣጠር ጀመሩ።

"ቢላው?"

"ቢላው ለራሴ ነው፣ እማማ። በድሮው ቢላ እጄ ዝሎ ነበር።"

"ጫማው?"

"የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ያንሸራትታል። አንድ ጊዜ ሊወድቁ ሲሉ አይቼዎት ደነገጥኩ። ያኔ ስለ ክፍሉ አላሰብኩም ነበር።"

"ፎጣው?"

"ፎጣው ቅናሽ አግኝቼ ነው።"

"ፍራሹስ?"

ምራቲቱ ዳቦውን ቆርሳ መልሳ አስቀመጠችው።

"ፍራሹ ሁለቱም ነው" አለች በመጨረሻ። "ማታ ማታ ሲያቃስቱ እሰማለሁ፤ ስለዚህ ነው። ክፍሉንም ስለፈለግኩ ነው። የትኛው እንደሚበልጥ እኔም አላውቅም።"

እትዬ ሾርባቸውን ሳይጨርሱ ተነስተው ገቡ። ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ከ"እንደምን አደራችሁ" ያለፈ ንግግር ጠፋ። አንድ ከሰዓት ላይ ግን የዳሌያቸው ሕመም ተነስቶ አላስቀምጥ ቢላቸው፣ ቤቱም ጭር ቢል፣ ያንን የቆመ ፍራሽ ወለሉ ላይ ጣሉትና ሊሞክሩት ጋደም አሉ። የነቁት ልጃቸው የውጭውን በር ሲከፍት ነው። ደንግጠው ተነሱ፤ ፍራሹንም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ግድግዳው መለሱት። ዳሌያቸውን ዳሰሱ። አያምም። ይህም አናደዳቸው።

በማግስቱ ሳይናገሩ፣ ልክ እንደ አውቶቡሱ፣ ምራታቸው የምትሠራበት ፀጉር ቤት ድንገት ገቡ። ምራቲቱ ጀርባዋን ሰጥታ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር ታጥባለች፤ አላየቻቸውም። እትዬ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ተመለከቱ። ልጅቷ ውሃውን በደንበኛዋ ራስ ላይ ከማፍሰሷ በፊት ሁልጊዜ በራሷ ክንድ ትሞክረዋለች። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አያያትም፤ ግን አንድም ጊዜ ሳትሞክር አላፈሰሰችም። አንዱን እግሯን ከጫማው አውጥታ በሌላው ላይ ታሳርፋለች፤ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል።

ዞር ስትል ፎጣው ከእጇ ሊወድቅ ነበር። "እማማ፣ ምን ሆኑ?"

"ፀጉሬን ልታጠብ ነው የመጣሁት። ወረፋ ይዣለሁ።"

አጠበቻቸው። እትዬ ዐይናቸውን ጨፍነው ውሃው ለብ ብሎ ሲወርድ ይሰማቸዋል። ፀጉራቸው ተጠቅልሎ ቀና ሲሉ ግን የተቆጣጣሪ ድምፃቸው ተመልሶ ነበር።

"መስኮቱን አልሰጥም" አሉ። "ክፍሉን ውሰጂ። በመስኮቱ ሥር ግን የኔ ወንበር ይቀመጣል። የደንበኛ አይደለም፤ የኔ። ማንም አይቀመጥበትም፣ ዕቃም አይቀመጥበትም። ለኋላዋ ክፍል የምትሆነውን ጠባብ አልጋ ደግሞ አናጢ ሲሠራ እኔ ቆሜ አያለሁ።"

ምራቲቱ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። የሳቸውን አንገት ደግማ ደግማ አደረቀች።

ከፀጉር ቤቱ ወጥተው ቤት አልሄዱም። የኋላዋ ክፍል በር ቁልፍ እንደሌለው ያውቃሉና ወደ ብረታ ብረት ሱቅ ገቡ። ሻጩ ፊታቸውን አይቶ ካሉት ሁለት ዓይነት ቁልፎች ርካሹን አቀረበላቸው።

"በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?" አሉት።

"ርካሹ በሽቦ ይከፈታል።"

"እንዲህ የምትለኝ ውዱን ልትሸጥልኝ ነው። ክፈተው እስኪ።"

ሰውየው ሽቦ አጥፎ ዐይናቸው እያየ ከፈተው። ውዱን ግን ሞክሮ ሞክሮ አልሆነለትም። እትዬ ሽቦውን ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩት፤ ለሳቸውም አልሆነም። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሱቁ ውስጥ ውዱን ዕቃ ሳይከራከሩ ገዙ። ልጃቸው ሲገጥምላቸው ዋጋውን ቢጠይቃቸው፣ "ሥራህን ሥራ" አሉት።

ፀጉር ቤቱ ተከፈተ፤ ደንበኞቹም ተከትለው መጡ። እትዬ መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው የሚገባውን ሰው ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ያያሉ፤ ሳይከፍሉ ለመውጣት የሚያስብ ሰው ቢኖር እንኳ ሐሳቡን ይተዋል። ማታ ጠባቡ ፍራሻቸው ላይ ይተኛሉ። ይመቻል ወይ ብሎ የሚጠይቃቸው ካለ "እስካሁን" ነው መልሳቸው።

ቁልፉ ሦስት መክፈቻ ነበረው። አንዱ ከአንገታቸው አይጠፋም። ሁለተኛውን የኋላዋ ክፍል ውስጥ ባደሩ በሳምንቱ ምራታቸውን ጠርተው በመዳፏ ላይ አደረጉላት። "ታምሜ ብወድቅ በሩን እንዳትሰብሩት ነው" አሏት። "ውድ በር ነው አሁን።" ሦስተኛውን የት እንዳስቀመጡት ግን ለማንም አልተናገሩም።