ተራ ጠባቂው ባለዕዳ

ቱሪስት በሚመጣበት ዘመን ደባርቅ ላይ አስጎብኚ መሆን ትልቅ ነገር ነበር። እኔም ትልቅ ነገር በነበርኩበት ጊዜ ከባንክ ተበድሬ ቤት ሠራሁ፤ መንገድ ዳር፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ሳሎኑ ኮርኒስ ያለው። ባለቤቴ "ኮርኒሱ ይቅር፣ ገንዘቡ ለክፉ ቀን ይቀመጥ" ብላኝ ነበር። ክፉ ቀን የጎረቤት ጣጣ ይመስለኝ ስለነበር አልሰማኋትም።

ከዚያ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ሲከፈትና ሲዘጋ ፈረንጁ ጨርሶ ቀረ። ፓርኩ ውስጥ ቡይት ራስ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ብቻቸውን ሣራቸውን ይግጣሉ። የባንክ ዕዳ ስለሌለባቸው ምንም አልመሰላቸውም። እኔ ግን መጀመሪያ ያጠራቀምኳትን፣ ቀጥሎ የባለቤቴን በጎች ለወርሃዊው ክፍያ አፈሰስኩ። በጎቹም ሲያልቁ ክፍያው ጎደለ፤ ባንኩም ቤቴን ለሐራጅ እንደሚያወጣው በትሕትና አስታወቀኝ። ያናደደኝ ትሕትናው ነው።

የብድር ሠራተኛው ከሊማሊሞ በታች፣ ከዛሪማ ቆላ በቅርቡ ተዛውሮ የመጣ ወጣት ነበር። ውርጫችንን ገና ስላልለመደው የሚያነጋግረኝ ጃኬቱ ላይ ጋቢ ደርቦ ነው።

"አይጨነቁ ጋሼ" አለኝ። "የመክፈያ ዘመኑን ካራዘምነው ወርሃዊው ይቀንስልዎታል።"

አስልቶ ሲነግረኝ ዕዳዬ የሚያልቀው ሰባ ዓመት ሲሞላኝ ሆነ። የንስሐ አባቴ "ዕድሜ ይስጥህ" ብለው ሲመርቁኝ እንኳ ይህን ያህል እርግጠኛ ሆነው አያውቁም። እሺ አልኩ።

"ታዲያ ሥራ እንደሌለዎት የሚገልጽ ደብዳቤ ያምጡ።"

ወደ አስጎብኚዎች ማኅበራችን ሰብሳቢ ሄድኩ። የእኛ ሥራ በተራ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ባለተራው ይዞ ይወጣል፣ ቀጣዩ ወደ ላይ ከፍ ይላል። እንግዳ ከጠፋ ወዲህ ግን ተራው ቆሟል። የቆመው ደግሞ እኔ ላይ ነው።

"ሥራ ፈት ነው ብዬ እንዴት እጽፍልሃለሁ?" ብሎ ተቆጣኝ። "አንደኛ ነህ እኮ! ስንቱ ባንተ ይቀናል!"

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ደብዳቤውን የሚጽፍልኝ ከማኅበሩ ከለቀቅሁ ብቻ መሆኑን ቁርጡን ነገረኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ለቀቅሁ። ከኋላዬ የነበረው ባልደረባዬ አንደኛ በመሆኑ ደስ ብሎት ሻይ ጋበዘኝ።

ደብዳቤውን ይዤ ባንክ ሄድኩ። ልጁ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

"ጥሩ ደብዳቤ ነው" አለኝ። "ግን ጋሼ፣ ገቢ ለሌለው ሰው ማራዘም አንችልም።"

"ገቢ ቢኖረኝ አራዝሙልኝ ብዬ ምን አመጣኝ?"

"እሱም ልክ ነው" አለና ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ።

አያ ጅቦ፣ ሳታመሃኝ ብላኝ! ይህን ያልኩት በሆዴ ነው። በአፌ "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ወጣሁ። አሁን እየቀለድኩ አወራለሁ እንጂ ያን ቀን ፈርቼ ነበር። ቤቴን ከውጭ ዞሬ ሳየው የሌላ ሰው ሆኖ ታየኝ። ተራዬንም ቤቴንም በአንድ ደብዳቤ ያጣሁ ሞኝ እኔ ነኝ አልኩ።

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት።

"ኧረ አንተየ፣ ልጁ የት ነው የሚያድረው?" አለችኝ።

"የቱ ልጅ?"

"የባንኩ ነዋ! የሚንቀጠቀጠው!"

በማግስቱ ራሷ ባንክ ሄዳ "ሳሎናችን ኮርኒስ አለው፣ ብርድ አያስገባም" አለችው። ልጁ መጣ፣ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ፣ ኪራይም ሳይከራከር ተስማማ። የገቢ ማስረጃዬ ከእሱ ጋር የተዋዋልኩት የኪራይ ውል ሆነ። ጉዳዬንም የመረመረው እሱ ነበርና ተከራዬ የታመነ የደመወዝ ሰው መሆኑን ያለ ምንም ጥርጣሬ አረጋገጠ። ዕዳዬ ተራዘመ። አሁን የባንኩ ደመወዝ በልጁ እጅ ወደ እኔ ይመጣል፣ እኔ ሳላሞቀው ወደ ባንኩ እመልሰዋለሁ።

እኛ ቤቱን ለልጁ ለቀን፣ አልጋችንን ይዘን ጓሮ ማድ ቤት ገባን። ቤቱ ከሐራጅ ተረፈ፤ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ግን ደስታዬን ለጊዜው እረሳዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ዝናቡ ሲጠና የክረምት ጫማዬ ሳሎን ቁም ሳጥን ውስጥ መቅረቱ ትዝ አለኝ። ሮጬ ሄጄ እንደ ልማዴ በሩን ልገፋ ስል ባለቤቴ ከኋላዬ ጮኸች።

"አንተ ሰውዬ፣ አንኳኳ እንጂ! የሰው ቤት አይደለም እንዴ?"

እጄን ሰበሰብኩ። ዝናቡ እየወረደብኝ፣ በብሎኬት በሠራሁት ቤት ደጅ ቆሜ አንኳኳሁና "ቤቶች!" አልኩ።

ከውስጥ ብርዱ የለቀቀው ልጅ ሳይነሣ መለሰልኝ።

"ማን ልበል?"