በአሸዋ ውስጥ የቀረችው ግመል

አጎቴ ቆቦ ውስጥ የወዳደቀ አሉሚኒየም እያቀለጡ ድስት ሲሠሩ ነው የኖሩት። «ጋሼ፣ ትናንሽ ግመሎች እንሥራና ለመንገደኛ እንሽጥ» ስላቸው፣ «ድስትስ ያበላል፤ ግመልሽ ምን ሊያደርግ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። በነጋታው ግን ከእንጨት ግመል ቀርጸው ጠበቁኝ። በእሷ ቅርጽ ያወጣናትን የመጀመሪያዋን የአሉሚኒየም ግመል አንድ የዋጃ ሚኒባስ ሹፌር ገዝቶ መስተዋቱ ላይ አንጠለጠላት።

እንጨቱን እርጥብ አሸዋ ላይ ተጭነው ሲያነሱት የግመሏ ቅርጽ ባዶውን ይቀራል። የቀለጠውን አሉሚኒየም ከማፍሰሳቸው በፊት ጎንበስ ይሉና «ቢስሚላህ» ብለው በውስጡ የቀረውን ደቃቅ አሸዋ በስሱ እፍ ይሉታል። እኔ ልሞክር ስል፣ «ተይ፣ አንቺማ እንደ ወናፍ ነው የምትነፊው» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። እኔ እፍ ካልኩበት አሸዋ የምትወጣ ግመል ሁሉ እግሯ ጎደሎ ነበር።

የዚያን ዕለት እንጨቱን አነሱ፣ እፍ አሉ፣ ከዚያ «አሱር ሰግጄ ልምጣ፤ እሳቱን እንዳታጠፊው» ብለውኝ ወጡ። ከመስጊድ ሰው ተሸክሟቸው መጣ።

ለቅሶ የደረሰ ሁሉ «አላህ ይዘንላቸው፤ አንቺ ግን ሥራውን እንዳትተዪ» ይለኛል። ሞከርኩ። በሌላ አሸዋ ያወጣኋቸው ግመሎች አንዳቸውም መቆም አልቻሉም።

እሳቸው ያዘጋጁት አሸዋ እስካሁን እንዳለ ነው። ዛሬ ጠዋት ሳየው ደርቆ፣ የግመሏ አንገት ተንዶ ሆዷ ውስጥ ገብቷል። ላጸዳላት ጎንበስ ብዬ ቢስሚላህ አልኩ። እፍ ብል የቀረውም ይፈርሳል። ትንፋሼን ይዤ ቀና አልኩ።