የተዋስኩት ድምፅ

ልጅ ሳለሁ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ አውሮፕላን ማረፊያ በጽዳት ሥራ ስለምታመሽ፣ እስክትመጣ የምቆየው ታችኛው ፎቅ ጋሽ በየነ ዘንድ ነው። ጋሽ በየነ ጡረታ የወጡ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበሩ። መብራት ሲጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ የከሰል ምድጃውን ኮሪደር ላይ አውጥቶ ራቱን ሲያበስል፣ እሳቸው ፍሙ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ፋኖሱን ዝቅ አድርገው፣ ጭሱ ዓይናቸውን እያስለቀሳቸው ለእኔና ለሕንፃው ልጆች ተረት ይነግሩን ነበር።

አንድ ምሽት የቁራን ነገሩን። ቁራ በሻካራ ድምፅዋ አፍራ የእርግብን ድምፅ ተዋሰች፤ አገሩ ሁሉ አደነቃት። ምግብ ይዛ ጎጆዋ ስትመለስና ስትጣራ ግን ጫጩቶቿ ድምፁን ስላላወቁት ፈርተው ዝም አሉ፤ አፋቸውንም አልከፈቱላትም። ሌሎቹ ልጆች ሳቁ፤ እኔ ጫጩቶቹ አሳዝነውኝ አለቀስኩ።

አድጌ ሃያ ሁለት ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ መዝፈን ስጀምር ተረቱን ረስቼው ነበር። ድምፄ ወፍራም ነው። የመጀመሪያ ዘፈኔን ያቀናበረው ሰው «ቀጠን አድርጊው፤ አሁን የሚወደደው እሱ ነው» አለኝ። አቀጠንኩት። የተቀዳውን ቤት ወስጄ ለእናቴ ከስልኬ ከፈትኩላት። ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ እስከ መጨረሻው ሰማችና፣

«ደስ ይላል። ያንቺስ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

ዘፋኟ እኮ እኔው ነበርኩ። ያኔ ነው ጫጩቶቹ ትዝ ያሉኝ።

ዘፈኑ ሊወጣ ሦስት ቀን ቀርቶታል። በነጋታው ስቱዲዮ ሄጄ፣ አቀናባሪውን «በራሴ ድምፅ ካልሆነ ይቅርብኝ» አልኩት። ያባርረኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አጥልቆ፣

«እስቲ ግቢ» አለ።

ዘፈንኩ። ስጨርስ ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ፣ «ይሄን የት ደብቀሽው ነው?» አለኝ። ስወጣ ቀኑን ሙሉ ተሸክሜው የዋልኩትን ሸክም ያወረድኩ ያህል ቀለለኝ፤ ታክሲ ሳልይዝ ብዙ መንገድ በእግሬ ሄድኩ።

ዘፈኑ አገር አላዳረሰም። እናቴ ስትሰማው ግን ምንም አልጠየቀችኝም፤ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

ጋሽ በየነ ከነገሩን ተረት አብዛኛው ጠፍቶብኛል። አንድ ነገር ግን አሁን ድረስ ይገርመኛል፤ አንዴም «ገባችሁ?» ብለው ጠይቀውን አያውቁም። ለመረዳት ዓመታት እንደሚፈጅብን ሳያውቁት አልቀሩም፤ አላስቸኮሉንም።