ሳይነሳ የተሰማው ሞተር

ባለፈው ሳምንት ከእህል በረንዳ ወደ ሸማ ተራ ስሻገር አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት በጎኔ ሽው ብሎ አለፈ። ድምፅ የለውም። ልጁ ክላክስ ማድረግ እንኳ አልታየውም፤ ልቤ ከቦታዋ ልትወጣ ነበር። ቆሜ ረገምኩት፣ ከዚያ ሳቄ መጣ። ዘንድሮ ሞተር ሳይሰማ ይመጣል። እኔ በወጣትነቴ ያጋጠመኝ ሳይመጣ የሚሰማ ነበር።

«የማይመስል ነገር ለሚስትህ አትንገር» ይባላል። እኔ ለሚስቴ ነግሬያት ስቃብኛለች። ደግሞም አልፈርድባትም፤ በብሎን ሊጠብቅ የማይችል ነገር አላምንም እያልኩ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ጊዜ ነበር። እኔና ከድር የሚባል የስልጤ ልጅ ጓደኛዬ ምን አለሽ ተራ ውስጥ በቆርቆሮ የተከለለች የሞተር ብስክሌት መጠገኛ ነበረችን። ግራና ቀኛችን በርሜል ቀጥቅጠው ምድጃ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ከጠዋት እስከ ማታ መዶሻ ነው። መጯጯህ ከመልመዳችን የተነሳ ቤት ገብቼ እራት ስበላ እናቴ «ኧረ ቀስ በል፣ ደረጀ፤ እዚሁ ነን» ትለኝ ነበር።

በዚያ ክረምት ሞተር የሚወዱ ሰዎች ተሰባስበው ከከተማው ወጣ ባለ የተተወ የድንጋይ ካባ ላይ ውድድር ሊያደርጉ ነው የሚል ወሬ መጣ። እሽቅድምድም አይደለም። በዚህ ውድድር ማንም አይቸኩልም። ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ፣ በጭቃና በገደል አፋፍ፣ እግርን መሬት ሳያስነኩ ማለፍ ነው ጨዋታው። እግሩ መሬት ባረፈ ቁጥር ነጥብ ይቆጠርበታል፣ ብዙ የተቆጠረበት ይሸነፋል። ከድር ይህንኑ በቪዲዮ ካሴት አይቶ አብዶ ነበር። ዕድሜ ልኩን የሚጠብቀው ነገር የመጣለት ይመስል እንቅልፍ አጣ። የጎደለን ቀላል ሞተር ብቻ ነበር።

ሞተሩን ያመጡልን ጋሽ ዘለቀ ናቸው፤ እህል በረንዳ የታወቁ ነጋዴ ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ የገባ አይሱዙ በራችን ላይ አቁመው ጆንያውን አስነሱት። ከሥሩ ሞተር ብስክሌት ተጋድሟል፤ ጭቃው እንኳ አልተራገፈም።

«የእህቴ ልጅ የወንድወሰን ነው» አሉን። «እርሻ ላይ ኃላፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። ወባ ጣለው። እዚያው ቀበርነው።»

«ነፍስ ይማር» አልን ሁለታችንም ባንድ አፍ።

«ቀስ በሉ! እናቱ አልሰማችም።» ዞር ዞር ብለው አዩ። «እህቱ ትዕግስት እናቷ ቤት ናት፤ ወሯ ገብቷል። ከዚህ በፊት አንዱ አልቆመላትም። እሷ ሳትገላገል መርዶ የለም። ይኼንን ለውድድራችሁ ውሰዱት፣ እኔ ላየውም አልፈልግም። ብቻ መርዶው ሳይነገር እንዳታስነሱት። እህቴ የልጇን ሞተር ከሺህ መሃል ትለየዋለች።»

እናትየውን እትዬ የሺን እናውቃቸዋለን፤ ሸማ ተራ ነጠላ ይሸጣሉ። መርዶ በኛ ዘንድ ጊዜ አለው። ንጋት ላይ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይነገራል። እስከዚያው ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ የማያውቀው ባለሐዘኑ ብቻ ነው። ከእሱ ዕቃ ይገዛሉ፣ ያስቁታል፣ «ልጅህ ደኅና ነው?» ይሉታል። ደግነት ነው ብለን ያደግንበት ነገር ነው፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ያስፈራል።

ሞተር ሳያስነሱ ለውድድር ማዘጋጀት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። መካኒክ የሚሠራው በጆሮው ነው። ያም ሆኖ ጀመርነው። ወንበሩንና መብራቱን አወለቅን፤ ቆሞ ለሚነዳ ሰው ሸክም ናቸው። ኃይሉ እንዲበረታና ፍጥነቱ እንዲቀንስ የሰንሰለቱን የኋላ ጥርስ በትልቅ ቀየርነው። ድንጋይ እንዳይመታው ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን፣ ቆርጠን ወደ ላይ አነሳነው። ቋጥኝ የሚወጣ ሞተር በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት በራሱ ሲመታ፣ ሊጠፋ እስኪመስል ድረስ ቀርፈፍ ብሎ መምታት አለበት፤ ያንንም በግምት አስተካከልን። ከድር እግሩ አመል አለበት፣ ሞተር ካየ ሳይረግጥ አያልፍም። ስለዚህ ቤንዚኑን እስከ ጠብታው አንጠፍጥፌ ያለ እሱ ሞተር የማይነሳበትን ካርቡራቶር ፈታሁና በቆርቆሮ ጣሳ አድርጌ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት።

ፍልሰታ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቀኑን ሙሉ የዘነበው ዝናብ ጋብ ሲል፣ የዐስር ሶላት ደርሶ መዶሻው ሁሉ ቆመ። ያ ሰዓት በምን አለሽ ተራ የተለየ ሰዓት ነበር፤ ጸጥታው ጆሮ ይወጋል። ከድር ለውዱእ እጁን እየታጠበ ሳለ እትዬ የሺ ክዳን ያለው ሳህን ይዘው በራችን ላይ ቆሙ።

«ወንዴ የት ሄደ?» አሉ።

የያዝኩትን ቁልፍ አስቀመጥኩ። «የቱ ወንዴ፣ እትዬ?»

«ልጄ ነዋ! ሞተሩን ሰማሁት። ድምፁን ተከትዬ ነው የመጣሁት።»

«እዚህ የተነሳ ሞተር የለም። መዶሻ ይሆናል የሰሙት» አለ ከድር።

«መዶሻውማ ቆሟል።» እውነታቸውን ነበር። «ድሮ ይጮህ ነበር። አሁን ምን እንዳረገው እንጃ፣ እንደ ሸማኔ ዕቃ እየቆየ ነው የሚመታው። ጠክ… ጠክ… ። ደክሞት ይሆናል።»

ሞተሩን በሸራ ሸፍነነው ነበር። ማንም ሳያሳያቸው ቀጥ ብለው ሄደው እጃቸውን በሸራው ሥር ሰደዱ። «ይኸው፣ ገና ትኩስ ነው» አሉ በእርጋታ። ከዚያ ሳህኑን ከፈቱት፤ ሱፍ ፍትፍት ነው። «ከመንገድ የገባ ሰው ይርበዋል ብዬ ነው። እሱ እስኪመጣ እናንተ ብሉለት።» የጾም ምግብ ስለሆነ ከድርም የሚያመካኝበት አልነበረውም። በእጃቸው አጎረሱን። ሱፉ ቅዝቅዝ ያለ፣ ቃሪያ የበዛበት፣ የሚጥም ነበር። አፋችንን እያዩ ጉርሻው እስኪወርድ ጠበቁ።

ሲሄዱ ሮጬ ካርቡራቶሩን አየሁ። ጣሳው ውስጥ ነው። እጄን ወደ ሞተሩ ሰደድኩ። ለብ ብሏል። ፀሐይ ነው እንዳልል ያን ቀን ፀሐይ አልወጣችም።

ከድር «አዑዙ ቢላህ» አለና ወደ ሶላቱ ሮጠ። ማምሻውን ለጋሽ ዘለቀ ሄጄ ነገርኳቸው። የሰሊጥ ፍሬ በጣቶቻቸው መሃል አሹ።

«ሆድ ይፍጀው» አሉ በመጨረሻ። «ልጅቷ ብትሰማ የምንቀብረው አንድ አይሆንም። ቻሉት፣ ልጆቼ።»

ቻልነው። እትዬ የሺ ግን በዚያው ሰዓት፣ መዶሻው ሲቆም፣ ደጋግመው መጡ። አንዳንዴ በር ላይ ጆሯቸውን ሰጥተው ቆመው ብቻ ይመለሳሉ። ሞተሩን በጋሪ ጭነን፣ ጆንያ አልብሰን፣ ለማንም ሳንናገር የጋሽ ዘለቀ መጋዘን ወስደን ደበቅነው። በማግስቱ እትዬ የሺ በእኛ በር ዞር ሳይሉ አልፈው መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ዘበኛው ነው የነገረን። ከዚያ ወዲያ መልሰን አመጣነው፤ መደበቁ ምን ይረባል?

ጳጉሜ ላይ ትዕግስት በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች። እሷን ከነልጇ ወደ ባሏ ቤተሰቦች ወሰዷትና የመርዶው ቀን ተቆረጠ። ጋሽ ዘለቀ ሰው እንዲበዛ እኛንም ጠሩን።

ጎህ ሳይቀድ ተሰባሰብን። ጭቃው ላይ ጫማችን እንዳይጮህ እየተጠነቀቅን፣ ጋቢ ተከናንበን፣ አንድም ሰው ሳይተነፍስ ወደ ግቢው ገባን። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። እትዬ የሺ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ግቡ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?» አሉ። «ትናንት አጠፋው። እዚህ ደጄ ላይ መጥቶ ነው ያጠፋው። ይወርዳል ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ አልወረደም።»

ጋሽ ዘለቀ ያዘጋጁትን ቃል ትተው መሬት ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ የጮኸችው ጎረቤት ናት፤ ከዚያ ግቢው ተናወጠ። እኔ ትናንት ከሰዓት በኋላ የት እንደነበርኩ አውቃለሁ፤ ሞተሩ አጠገብ ተቀምጬ ሰንሰለት እየቀባሁ ነበር። ምንም አልሰማሁም።

ለቅሶው በረድ ሲል እትዬ የሺ እኔን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ያሳለፉትን ሳምንታት እያሰብኩ ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

«አታልቅስ። ከመጀመሪያው ቀን አውቄአለሁ» አሉኝ። «በሕይወት ያለ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ቤቱ ይገባል እንጂ በየደጁ አይዞርም። እናንተ ለትዕግስት ብላችሁ ደበቃችሁኝ፣ እኔም ለትዕግስት ብዬ ደበቅኋችሁ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ምግብ፣ እትዬ?»

«እናንተ ስትበሉ ሳይ እሱ የበላ ይመስለኝ ነበር።»

ያን ያህል ጊዜ እሳቸውን የምንጠብቀው እኛ ነን ብለን ነበር። እሳቸው ግን ከልጃቸው ሞት ጋር ብቻቸውን ተቀምጠው፣ ቀን ነጠላ እየሸጡ፣ ማታ የነፍሰ ጡሯን እግር እያሹ ስቀዋል። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ወደ ውድድሩ የሄድነው ከመስቀል በኋላ ነው። ካባው ዙሪያ አደይ ወጥቶ ነበር። ካርቡራቶሩን መልሰን፣ ቤንዚን ሞልተን ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስነሳነው እዚያ ነው፤ ከድር አንዴ ረገጠው፣ ተነሳ። እኔና እሱ ተያየን። ሊጠፋ እስኪመስል እየቆየ፣ እንደ ሸማኔ ዕቃ፣ ጠክ… ጠክ… ይላል። ወንድወሰን በሕይወቱ እንዲህ ሲመታ ሰምቶት አያውቅም። ይህን ድምፅ የሠራነው እኛ ነን፤ ሞተሩ ሳይነሳ ደግሞ የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከድር የዚያን ቀን እንደነዳው ሲነዳ አይቼው አላውቅም። ቋጥኙ ላይ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፤ ተመልካቹ ማጨብጨብ ረሳ። አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም። የመጨረሻው ድንጋይ ላይ፣ ሜዳው ሊጀምር ሲል፣ ያለ ምንም ምክንያት ሁለቱንም እግሮቹን መሬት ላይ ተከላቸው። ዳኛው ቆጠረበት፣ አንደኝነቱም በዚያው ሄደ። ሮጬ ሄጄ «አበድክ እንዴ?» ብዬ ጮኽኩበት።

ፊቱ አመድ መስሏል። «አንተ ደሬ፣ መሬቱ መኖሩን ላረጋግጥ ብዬ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ውድድር አልወጣም። ሞተሩን ለእትዬ የሺ ልንመልስ ስንል «ትዕግስት ተመልሳ መጥታለች፤ አራስ ቤት ነው፣ አልፈልገውም» አሉ፤ ከእጃችን እንዴት እንደወጣ አልተርክም፣ የሄደው ግን ከመርካቶ ርቆ ነው። ከድር አሁን የልጅ ልጆች አሉት። ስንገናኝ ስለ ሁሉ ነገር እናወራለን፣ ይህን ግን አናነሳም።

እኔ ዛሬ ሽበቴን አይቶ ሰፈሩ ሽማግሌ አድርጎኛል። ስልክ እያለ እንኳ መርዶ አልቀረም፤ ንጋት ላይ ይጠሩኛል፣ ከፊት ሆኜ ቃሉን የምናገረው እኔ ነኝ። ከኋላዬ ያሉት ወሬውን ይዘን የምንገባ ይመስላቸዋል። እኔ ግን አፌን ከመክፈቴ በፊት የቤቱ እመቤት ነጠላዋን እንዴት እንዳደረገች አያለሁ። ስንቴ ተዘቅዝቆ እንዳገኘሁት ብነግራችሁ አታምኑኝም።