የአጎቴ ትንፋሽ

ከአገሬ ርቄ፣ የአሶሳ ዙምባራ ነፊዎችን ጨዋታ በስልኬ በቀጥታ ሳይ፣ ከሥር አስተያየቱ ይጎርፋል። «ያንን ሽማግሌ አውጡልን!» ይላል አንዱ። የራሴን የልጅነት ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

ዙምባራ ረጅም የቅል መለከት ነው። እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ስላለው፣ አንድ ነፊ ከዘገየ ዜማው ይሸነቆራል። በልጅነቴ፣ አጎቴም በነፋበት በአንድ ዒድ፣ ጨዋታው እንዳበቃ ሰው ማንጎ ዛፍ ሥር ይከራከር ነበር።

«ነፊዎቹን ምን ነካቸው ዛሬ?»

«ሥጋው ከብዷቸው ነዋ!»

እኔም ጮክ ብዬ፣ «አጎቴ ነው የዘገየው» አልኩ። ሳቁ። አጎቴ መለከቱን እዚያው ለሌላ ሰው ሰጠ።

«ጆሮሽ እውነተኛ ነው፣ ልጄ» አለኝ ወደ ቤት ስንሄድ። «ትንፋሼ መድከሙን አውቃለሁ። ለሠርግሽ እስክነፋ ድረስ ግን ሰው ባያውቅብኝ ብዬ ነበር።»

ሠርጌ ላይ ከተመልካች ጋር ቆሞ አጨበጨበ። ዛሬም ከሶላት በኋላ አላህን ማረኝ እላለሁ፤ አጎቴ ግን ይቅር በለኝ ሳልለው ሞተ።